አሳ ግማቱ ካናቱ፣ ቁጥጥሩስ?

ዕለቱ ዓርብ ነው። ሰዓቱ ወደ አምስት ተኩል ገደማ ይሆናል። እሰፈራችን ካለችው አሳ ቤት ጓሮ በኩል ያለውን ጠረጴዛ ይዤ፣ ጋዜጣዬን ዘርግቼ፣ ያዘዝኩትን ኮተሌት እየጠበቅሁ ነበር። (የቤቱን ስም አልነግራችሁም። አንደኛ፣ ባለቤቷ ደግ ሴት ናቸው፤ ደንበኛው ሁሉ «እትዬ» ነው የሚላቸው። ሁለተኛ፣ የማወራችሁ ነገር የዚያች ቤት ጉድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ወረቀት ባላበላሸሁ።) ድንገት አንድ ልጅ ከበሩ ሮጦ ገባና በአንድ ቃል ቤቱን አናወጠው።

«መጡ!»

ማን እንደመጣ የጠየቀ የለም። ከባንኮኒው ሥር ከተቀመጠ ፌስታል ውስጥ አራት ነጫጭ ጋውኖች ወጡ፤ እጥፋታቸው ገና አልለቀቀም። የፀጉር መሸፈኛ ለሁሉም ታደለ። እጅ መታጠቢያው ላይ አዲስ ሳሙና ዱብ አለ፤ ከጎኑ ንጹሕ ፎጣ ተሰቀለ። ከጓሮ ደግሞ ሁለት ጎረምሶች አንድ ትልቅ ሰማያዊ ሳፋ ግራና ቀኝ ይዘው፣ ውኃው እየተንጠባጠበ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ጎረቤት ግቢ አሳለፉት። ሳፋው ውስጥ ምን እንዳለ ለማወቅ ማየት አያስፈልግም፤ አፍንጫ ይበቃል። ይህ ሁሉ ሲሆን አምስት ደቂቃ አልሞላም። አገር ስንዘምት እንኳ እንዲህ ተናበን የምንሰለፍ አይመስለኝም።

ከዚያ ገቡ። ሦስት ናቸው። ሁለት ወጣት ወንዶችና አንዲት ሴት፤ ትሑታን ናቸው። እንግዲህ ለተመልካች ነገሩ እንዲህ ነበር፦

«ንግድ ፈቃድ?»

«ይኸው፣ ታድሷል።»

«የሠራተኞች የጤና ምርመራ ካርድ?»

«ይኸው ልጆቼ።»

«እሳት ማጥፊያው?»

«እዚያ ማዶ ተሰቅሏል፤ አምና ነው ያስሞላሁት።»

መጸዳጃ ቤቱን ደጃፉ ላይ ቆመው አዩት። ወጥ ቤቱንም እንዲሁ። አንደኛው የአስተናጋጁን ጥፍር ገልብጦ ተመለከተ። ሴቲቱ ትልቁ ቅጽ ላይ የራይት ምልክት ከላይ እስከ ታች አወረደችው። እትዬ «ቁጭ በሉና አሳ ቅመሱ እንጂ፣ ጦም ነው እንዳትሉኝ» አሉ። «እናመሰግናለን፤ ሥራ ላይ ነን» ብለው እምቢ አሉ። ይህን ሆን ብዬ ነው የምጽፈው። በጉቦ ልከሳቸው አልችልም፤ አንዲት ጉርሻ አልቀመሱም። ፈረሙ፣ አስፈረሙ፣ ሄዱ።

ጋውኑ ታጥፎ ፌስታሉ ውስጥ ገባ። ፎጣው ወረደ። ሳሙናው ተነሳ። ሰማያዊው ሳፋ በመጣበት ቀዳዳ ተመለሰ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ኮተሌቴ ከነሎሚውና ከነዳጣው ከች አለ።

እኔም በላሁ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከበላሁ በኋላ ነው። ስለዚህ እንደ ዳኛ አትዩኝ፤ እንደ ተባባሪ እዩኝ። ሳፋው ሲያልፍ አይቻለሁ። ሳሙናው ሲነሳ አይቻለሁ። ለሦስቱ ወጣቶች አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ለምን? ሐሜተኛ እንዳልባል፣ እትዬ እንዳያዝኑብኝ፣ ደግሞም ርቦኝ ነበር።

የባሰው ቆይቶ መጣ። በዚያው ዕለት ለአክስቴ አንድ ጥብስ በፌስታል አስቋጥሬ ወሰድኩላቸው። አክስቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ስኳር አለባቸው። አሳ ይወዳሉ። (አሳ በጦም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼዋለሁ። አክስቴ የራሳቸው ሊቅ ናቸው።) ቅዳሜ ሌሊት ሲያስመልሳቸውና ሲያስቀምጣቸው አደረ። እሑድ ጠዋት ደግፈን ወደ ክሊኒክ ወሰድናቸው። ግሉኮስ ተሰቀለላቸው። ደም ተቀዳ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ውጤቱ መጣ፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ «ታይፎይድም ታይፈስም አለባቸው።»

እዚህ አገር ታሞ ክሊኒክ የሄደና ይህንን ያልተባለ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ለታይፎይድ የሚደረገው ቪዳል የሚባለው ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1896 የተጀመረ ነው። ዛሬም ርካሽና ፈጣን ስለሆነ አለ። ዱሮ ታይፎይድ ይዞት የነበረ ሰው ላይም፣ ሌላ በሽታ የያዘው ሰው ላይም «አለ» ሊል እንደሚችል የሕክምና ሰዎች ራሳቸው ይነግሩናል። ይሁን፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም። የገረመኝ ሌላ ነው። ከካርድ ክፍል እስከ መድኃኒት መስጫው ድረስ አምስት ሰው አነጋግሮናል። አንዳቸውም «እማማ፣ ትናንት ምን በሉ? የት በሉ?» አላሉም።

አክስቴ ድነዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ያሳመማቸው ያ አሳ ነው ብዬ ግን አልምልም። በዚያው ቀን ሌላም ነገር በልተዋል፤ ውኃውም ከሮቶ የተቀዳ ነው። እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። እኔ ላረጋግጥ አልችልም። ክሊኒኩ ማረጋገጥ አልፈለገም። ተቆጣጣሪዎቹ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን የሚሰሙበት መንገድ የለም። በዚያ ሳምንት ከዚያች አሳ ቤት የበሉ አሥር ሰዎች በአሥር ክሊኒክ «ታይፎይድ» ተብለው ቢተኙ፣ አሥሩን በአንድ መስመር የሚያገናኝ ሰው አይኖርም። የመዝገቡ ወረቀት ላይ ግን ቤቷ ንጹሕ ናት። ከላይ እስከ ታች ራይት።

*

«አሳ ግማቱ ካናቱ» የሚለውን ተረት ባለሥልጣን ለማማት ስንጠቀምበት ኖረናል። ተረቱን የፈጠረው ሰው ግን አሳ የሚያውቅ ሰው ነው። አሳ ከጭንቅላቱና ከሆድ ዕቃው ነው ቶሎ የሚበላሸው። ሐዋሳ አሞራ ገደል ቆማችሁ ብትገዙ፣ ወይም ባሕር ዳር ከአሳ አጥማጅ እጅ ብትቀበሉ፣ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዓይኑን ነው። ጥርት ብሎ ጎላ ያለ መሆን አለበት። ቀጥሎ የጉንጩን ክዳን ገልጦ ስንጥቡን ያያል፤ ቀይ መሆን አለበት፤ ወደ ቡኒ ከሄደ ተውት። ከዚያ ሥጋውን በጣት ይጫናል። ጎድጉዶ ከቀረ ዕድሜው ሄዷል። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አይጠይቅም። ዓይን፣ አፍንጫና ጣት ነው።

አሁን ጉዱን ስሙ። አዲስ አበባ ከምንበላው አሳ ብዙው የሚመጣው ፊሌቶ ሆኖ ነው። ጭንቅላቱ ሐይቁ ዳር ቀርቷል። ቆሮሶ ይሁን አምባዛ፣ የትናንት ይሁን የአራት ቀን፣ የሚመሰክረው አካል ተቆርጦ ተጥሏል። ግማቱ ካናቱ ነው ብለን አናቱን አስቀርተን ነው የምናመጣው! ከባቱ 160፣ ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ ከረፋዱ ፀሐይ ጋር የሚጓዘው አሳ በረዶ ላይ ተኝቶ ነው ወይስ እርጥብ ጆንያ ለብሶ ነው የሚመጣው የሚለው ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁት ከሚኒባስ ጣራ ላይ ሲወርድ ነው። በረዶ አላየሁም። ጆንያ አይቻለሁ።

ከደረሰ በኋላስ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ለተራው ሰው ብሎ ያወጣው አምስት ምክር አለ። እጅና ዕቃ ይታጠብ፤ ጥሬና የበሰለ አይነካካ፤ በደንብ ይብሰል፤ በትክክለኛው ሙቀትና ቅዝቃዜ ይቀመጥ፤ ውኃውና ጥሬ ዕቃው ንጹሕ ይሁን። የሚቀዘቅዘው ከ5 ዲግሪ በታች፣ ትኩስ ሆኖ የሚቆየው ከ60 በላይ፣ ሲበስል ደግሞ መሐሉ ድረስ 70 ይድረስ ይላል። ከ5 እስከ 60 ባለው መካከል ተሕዋስያኑ ሠርግ ይደግሳሉ። ሰማያዊው ሳፋ፣ በወዲህ ግቢም ይሁን በወዲያ፣ የቆየው እዚያው ሠርግ ቤት ውስጥ ነው። እትዬ ፍሪጅ የላቸውም እንዳትሉኝ፤ አላቸው። መብራት ሲጠፋ ግን ፍሪጅ ቁም ሣጥን ነው።

በዚያ ቀን ሦስቱ ተቆጣጣሪዎች እጅ ላይ እስክሪብቶ አይቻለሁ። ቴርሞሜትር አላየሁም። ፍሪጁን የከፈተ አልነበረም። አሳው ከየት መጣ፣ መቼ ተጠመደ፣ ማን አመጣው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ቧንቧው ተከፍቶ ውኃ መኖሩ አልታየም። በፈረቃ ውኃ በሚመጣበት ሰፈር ውስጥ የእጅ መታጠቢያ መኖሩና እጅ መታጠቡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አሳ ቤት ገብቶ አሳ ያላየ ቁጥጥር ምን ይባላል? ቤተ መጻሕፍት ገብቶ በሩን ለክቶ እንደመውጣት ነው።

ሰዓቱንም አስቡት። አሳ ጎህ ሲቀድ ይገባል። ሰው በምሳና በማታ ይጎርፋል፤ በሁዳዴማ ወንበር አይገኝም። ተቆጣጣሪ የሚመጣው በመሥሪያ ቤት ሰዓት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። አሳው የሚበላሽበትና ቁጥጥሩ የሚደረግበት ሰዓት ጨርሶ አይተዋወቁም።

አንዳንዱ ወዳጄ ደግሞ «ዋናው ትኩስ መሆኑ ነው፤ እኔ ሐዋሳ ሄጄ ጥሬውን በአዋዜ ነው የምበላው» ይለኛል። ወንድሜ፣ ትኩስነት ትልን አያስወጣም። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ያሉ ቆሮሶና አምባዛ ውስጥ ኮንትራሲከም የሚባል ክብ ትል እንደሚገኝ ተመራማሪዎቻችን ደጋግመው ጽፈዋል። ትሉ ትኩስ አሳ ውስጥ ትኩስ ሆኖ ነው ያለው። ጥሬ አሳ መብላት ባህላቸው የሆኑ አገሮች አሳውን ቀድመው ያቀዘቅዙታል። የአሜሪካኖቹ መመሪያ ለምሳሌ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ሰባት ቀን ይቆይ ይላል። እኛ ደግሞ ሰባት ደቂቃም አንታገሥም።

*

አሁን ወደ ካርዱ ልመለስ። የጤና ምርመራ ካርድ ማለቴ ነው፤ ያ እትዬ «ይኸው ልጆቼ» ብለው የዘረጉት።

ሳፋውን ካሻገሩት ጎረምሶች አንደኛው አሳ ፋቂ ነው። ቅርፊቱን ይፍቃል፣ ሆድ ዕቃውን ያወጣል፣ ይከትፋል። ከአክስቴ ሕመም በኋላ በነበረው ሳምንት ጓሮ ሄጄ አወራሁት። ፊቱ ገርጥቷል።

«አሞሃል እንዴ?»

«ሆዴን ነው ጋሼ። አሁን ተሽሎኛል። ሁለት ሳምንት ሆነኝ።»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ እየሠራህ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ታምሜአለሁ ካልኩ ካርዴን ይቀሙኛል። ካርድ ከሌለኝ እትዬም አያስገቡኝም፤ ቢያስገቡኝ እሳቸው ይቀጣሉ። የቀን ነው የሚከፈለኝ፤ ያልገባሁበት ቀን የለኝም።»

ልጁ ክፉ አይደለም። የሒሳብ ሰው ነው። ታምሜአለሁ ቢል የሚያገኘው ረኀብ ነው፤ ዝም ቢል የሚያገኘው እንጀራ ነው። ካርዱ የታመመ ሰው ምግብ እንዳይነካ ለመከልከል የወጣ ነው፤ እኛ ግን የታመመ ሰው መታመሙን እንዲደብቅ ማስገደጃ አደረግነው። ደግሞስ ካርዱ የሚናገረው የተመረመረበትን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ያለውን ልጁና ሆዱ ያውቃሉ።

ይህ የአንድ ልጅ ወሬ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ አንድ ጥናት ጎንደር ከተማ ላይ 127 ምግብ የሚያዘጋጁ ሰዎችን መርምሮ ከመቶው 29 ያህሉ የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስያን ተገኝቶባቸዋል። ከአሥሩ ሦስት ማለት ነው። ይህ ስድብ አይደለም። እነዚህ ሰዎች የሚኖሩት እኛው በምንኖርበት ከተማ፣ የሚጠጡት እኛው የምንጠጣውን ውኃ ነው። ልዩነቱ የእነሱ እጅ የእኛ ምሳ ላይ መሆኑ ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል ደግሞ ሕጉ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ቢታመም ለመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዙ፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሹ ይከፈለዋል ይላል። አሳ ፋቂው ልጅ ይህን ስነግረው ሳቀ። ውል የለውማ! ታዲያ እስቲ ልጠይቃችሁ። ተቆጣጣሪው ካርዱን ሲጠይቅ «ሲታመም ትከፍሉታላችሁ ወይ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ቢጨምርበት ምን ይጎድላል? «የእኔ ሥራ አይደለም፤ የሠራተኛ ጉዳይ ነው» ይለኝ ይሆናል። ተሕዋስያኑ ግን የመሥሪያ ቤት ድንበር አያውቁም።

*

አንድ ሳኒታሪያን ወዳጅ አለኝ፤ ዕድሜውን በዚህ ሥራ የጨረሰ። ይህን ሁሉ ስነግረው እስክጨርስ ሰማኝና «አንተ እኔን ነው የምትሰድበው» አለ። ቀጠለ። «እኔ በወር ይህን ያህል ቤት አይተሃል ወይ ተብዬ ነው የምጠየቀው። አንዲት አሳ ቤት ውስጥ ሦስት ሰዓት ቁጭ ብዬ፣ ጠዋት አሳ ሲገባ ተገኝቼ፣ ወጥ ሠሪዋን አስተምሬ ብወጣ ሪፖርቴ ላይ ‹አንድ› ነው። ደጃፍ ላይ ቆሜ ራይት እያደረግሁ ብሄድ ‹አሥር› ነው። አሥሩ ይመሰገናል። መኪና የለም፣ ቴርሞሜትር ብጠይቅ ‹በጀት› እባላለሁ። ብዘጋው ደግሞ ሦስት ቀን ሳይሞላው ስልክ ይደወልልኛል።»

ማን እንደሚደውል አልጠየቅኩትም። አሳ ግማቱ ከወዴት እንደሆነ ተነጋግረናል።

የሚያሳዝነው ይህ ሙያ እዚህ አገር ትናንት የመጣ አለመሆኑ ነው። የጎንደሩ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት ከጤና መኮንኖችና ከኮሚኒቲ ነርሶች ጋር ሳኒታሪያን ለማሠልጠን ነበር። ያኔ የሰለጠኑት ሰዎች ምንጭ ሲያጎለብቱ፣ መጸዳጃ ሲያስቆፍሩ፣ ሥጋ ቤት ገብተው ሲያስተምሩ ነው የኖሩት። ሕጉም ቢሆን ተደራርቧል። የኅብረተሰብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200/1992፣ ከዚያ አዋጅ ቁጥር 661/2002፣ ከዚያ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011። የመሥሪያ ቤቶቹ ስምም አብሮ ተለዋውጧል። ያልተለወጠው ፌስታሉ ውስጥ ያለው ጋውን ነው።

*

ሌላው አገር እንዴት ያደርጋል ለሚል፣ የእኛው ሰዎች ካሉበት ልጀምር። ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚል ስም የተሰጠው ሰፈር አለ። እዚያ ያለ የሐበሻ ምግብ ቤት በር ላይ፣ እንደ ማንኛውም የካውንቲው ምግብ ቤት ሁሉ፣ አንድ ፊደል ይለጠፋል። ከ90 በላይ ያገኘ «ኤ»፣ ከ80 እስከ 89 «ቢ»፣ ከ70 እስከ 79 «ሲ»። ከዚያ በታች ከሆነ ፊደል የለም፤ ያገኘው ቁጥር ራሱ ይሰቀላል። ደንበኛው ሳይገባ ያያል። ነገሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ በድብቅ ካሜራ የምግብ ቤቶችን ጓዳ አሳይቶ ሕዝቡ ከተቆጣ በኋላ ነው። ኒውዮርክም እ.ኤ.አ. በ2010 ተከተለች።

መፍትሔው እሱ ነው ብዬ ልጮህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ጂንጀር ጂንና ፊሊፕ ሌስሊ የሚባሉ ተመራማሪዎች ፊደሉ ከተለጠፈ በኋላ በምግብ ወለድ በሽታ ሆስፒታል የሚገባው ሰው በ20 በመቶ ያህል ቀነሰ ብለው ጽፈው ነበር። ግን ታሪኩ አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ2019 ዳንኤል ሆ የሚባል ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር መረጃውን እንደገና አበጥሮ፣ ቅናሹ ከፊደሉ ሳይሆን ቀደም ሲል በዚያ አካባቢ ከነበረ የሳልሞኔላ ወረርሽኝ መብረድ ጋር የተያያዘ ነው ብሎ ተከራከረ። እንግዲህ ፊደል በራሱ ተአምር አይሠራም። እኛ ዘንድ ቢመጣ ደግሞ፣ እንተዋወቃለን፣ «ኤ» የምትለዋ ካርድ ከጋውኑ ጋር እዚያው ፌስታል ውስጥ ልትገባ ትችላለች።

ከእነሱ አንድ ነገር ግን መውሰድ እንችላለን። ቁጥጥሩ በተቆጣጣሪውና በባለቤቱ መካከል ብቻ የሚቀር ምስጢር አይደለም። እኛ ዘንድ ግን ያ ቅጽ ከላይ እስከ ታች ራይት ሆኖ ወዴት እንደሄደ እኔ አላውቅም፤ አሳውን የምበላው ግን እኔ ነኝ። ስለ ራሴ ሆድ የተጻፈ ወረቀት ለእኔ የማይነገረኝ ለምንድን ነው?

ስለዚህ ብዙ አልጠይቅም። ተቆጣጣሪው እስክሪብቶ ከመያዙ በፊት ቴርሞሜትር ይያዝ፤ ዋጋው ከአንድ የስብሰባ ሻይ ቡና አይበልጥም። ከወረቀቱ በፊት ፍሪጁን ይክፈት፣ ቧንቧውን ይክፈት፣ አሳውን ያሽትት። ከመሥሪያ ቤት ሰዓት ወጣ ብሎ አሳ በሚገባበት ጠዋት ይምጣ። ቁጥጥሩ ከአዲስ አበባ አይጀምር፤ ጭንቅላቱ ከሚቀርበት ከሐይቁ ዳር ይጀምር። ክሊኒኩ «የት በሉ?» ብሎ ይጠይቅ፣ የሰማውንም ለሚመለከተው ይንገር። አሳ ፋቂው ልጅ ታሞ ሲተኛ እንጀራው አይቋረጥ፤ ያኔ ራሱ መጥቶ «አሞኛል» ይላል። ሪፖርቱም «ስንት ቤት አየህ?» ሳይሆን «ስንት ቤት ተለወጠ?» ብሎ ይጠይቅ።

ከእኛ ከተመጋቢዎቹስ? እኔ ባለፈው ሳምንት ጀመርኩ። እትዬ ዘንድ ሄጄ ኮተሌት ሳይሆን ሙሉ አሳ አዘዝኩና «ከመጠበሱ በፊት ልየው» አልኩ። እትዬ በጣም ደነገጡ።

«ዛሬ ደግሞ አንተም ጤና ጥበቃ ሆንክ?»

«አክስቴ ታመው ነበር እኮ እትዬ።»

ዝም አሉ። ቆየት ብለው ራሳቸው ከጓዳ ይዘው መጡ። ጉንጩን በአውራ ጣታቸው ገለጡልኝ። ስንጥቡ ቀይ ነው፤ ዓይኑም ጥርት ያለ። «የዛሬ ጠዋት ነው፤ ያንን የዓርቡን ዓይነት ከእንግዲህ አልቀበልም ብያቸዋለሁ» አሉ። ደስ አለኝ። በእኔ ቤት አንድ ነገር ለውጫለሁ ብዬ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ እጄን ልታጠብ ሄድኩ። ቧንቧው ውኃ አለው። ሳሙና የለም።

«አንተ፣ ሳሙናው የት አለ?» አልኩት አሳ ፋቂውን ልጅ።

ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና፣ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «ምነው ጋሼ፣ ሊመጡ ነው እንዴ?» አለኝ።